ወይዘሮ ውድነሽ፣ አይጢቱ እና አዲሱ ፓወር ሰፕላይ

ጆሯችሁን አምጡ! አመጣችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ ነው አሉ፤ ኮምፒውተር ነጭ ዳንቴል ለብሶ በሚቀመጥበት፣ ዕቃም አይጥም እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን። በአንዲት ከተማ ወይዘሮ ውድነሽ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ነበሩ። የከተማዋ ሠርግ ሁሉ በእሳቸው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። የፎቶዎቹ ጠባቂ በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ዲስክ የሚባል ሽማግሌ ነው። ሙሽራው ማን፣ ሚዜው ማን፣ ያለቀሰችው አክስት ማን፣ ሁሉንም ያውቃል። ፎቶዎቹ ግን ሌላ ቦታ ግልባጭ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ጧት ኮምፒውተሩ «ጧ!» አለና ዝም አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ወይዘሮ ውድነሽ የኮምፒውተሩን ሳጥን ጎን ከፈቱ። ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለሁሉም የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ሞቷል። ገመዶቹ እንደ ሐረግ ተተብትበው ሳጥኑን ሞልተውታል። ከገመዶቹ መሃል አንዲት አይጥ ብቅ አለች።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ?»

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?»

«እኔማ የሳጥኑ ዘበኛ ነኝ። ሦስት ወር ሆነኝ።»

«ዘበኛ እያለ ነው ይሄ ሁሉ የደረሰው?»

«እኔ የምጠብቀው የሚገባውን ነው እትዬ፤ የሚሞተውን አይደለም።»

ወይዘሮ ውድነሽ ለክርክር ጊዜ አልነበራቸውም። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሙሽራ አልበሟን ልትወስድ ትመጣለች። «አዲስ ከመግዛቴ በፊት የዚህን ቤተሰብ ሆድ ልወቅ» አሉና መጠየቅ ጀመሩ።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ አሥር ዋት ካገኘሁ ተመስገን ነው» አለ ዲስክ።

«መቶ» አለ ሂሳቡን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰር፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ምስሉን ወደ ስክሪኑ የምታወጣው ግራፊክስ ካርድ ግን ተሽኮረመመች። «ኧረ እኔ ምንም አልፈልግም፤ ጠግቤያለሁ።»

«እውነቱን ንገሪኝ!»

«ካሉማ… ሃምሳ።»

«የሠርግ ቪዲዮ በምሠራበት ቀንስ?»

ካርዷ አንገቷን ደፋች። «ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«ይኸውልሽ! በይሉኝታሽ ሁላችንንም ልታስርቢን ነበር።»

ከማራገቢያዎቹና ከቀሩት ጋር ሲደምሩት አራት መቶ መጣ። አዲሱ እንዳይጨናነቅ መቶ ሃምሳ ጨመሩና ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው የኮምፒውተር ዕቃ ወደሚሸጡት ወደ ጋሽ ዘርጋው ሱቅ ሄዱ። አይጢቱም ሳትጠራ ዘንቢሉ ውስጥ ገባች።

«ያለኝ እነዚህ ሦስቱ ናቸው፣ እትዬ ውድነሽ፤ ራሳቸው ይንገሩዎት» አሉ ጋሽ ዘርጋው።

የመጀመሪያው ቀይና ሰማያዊ መብራት እያበራ «እኔ ሺህ ዋት ነኝ! ሺህ!» ብሎ ጮኸ። ወይዘሮ ውድነሽ በአንድ እጃቸው አነሱት፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀለላቸው።

«ሆድህ ውስጥ ምን አለ?»

«መብራት» አለ ቀስ ብሎ። መልሰው አስቀመጡት።

ሁለተኛው ከባድና ጨዋ ነበር፤ ግን ሃያ ገመድ ከሆዱ በቅሎ ተንዘርፍፏል። «እኔ የትም የምሄደው ከነዘመዶቼ ነው» አለ። «ሥራ ያለውም የሌለውም ይከተለኛል። መንቀል አይቻልም።»

አይጢቱ ከዘንቢሉ ብቅ አለች። «እሱን ይውሰዱት እትዬ! ዘመድ የበዛለት ይሻላል!»

«አንቺ ዝም በይ!»

ሦስተኛው በጸጥታ ተቀምጦ ነበር። ጀርባው ላይ ቀዳዳ ብቻ እንጂ ገመድ የለውም። «ገመዶቼ ከረጢት ውስጥ ናቸው» አለ። «የሚፈልጉትን ብቻ ይሰካሉ፤ የቀረው ከረጢቱ ውስጥ ይተኛል። ቤተሰቡ ስንት ይበላል?»

«ከነመጠባበቂያው አምስት መቶ ሃምሳ።»

«ልክ እኔ ነኝ።»

እሱን ይዘው ተመለሱ። መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀሉ፤ አራት ብሎን ፈቱና የሞተውን አወጡ፤ አዲሱን ማራገቢያውን ወደ ታች አድርገው በአራቱ ብሎን አሰሩት። የሞተውም ገመዱ የሚነቀል ዓይነት ስለነበር፣ አሮጌዎቹ ገመዶች እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ቀሩ።

አይጢቱ ተሽቀዳደመች። «እነዚህን ምን ያስነቅልዎታል እትዬ? ሌላው ጫፋቸው ካርዷም ጋ ዲስኩም ጋ ተሰክቷል። ይሄኛውን ጫፍ አዲሱ ላይ ይክተቱና ይገላገሉ!»

ሙሽራዋ ልትደርስ ነው። ወይዘሮ ውድነሽ የዲስኩን አሮጌ ገመድ አነሱና ሞከሩት። ቀጭ! ገባ።

«እትዬ፣ እባክዎን!» ብሎ ጮኸ አዲሱ ፓወር ሰፕላይ። «ይህ ገመድ የእኔ አይደለም! እኔ አሥራ ሁለት ቮልት በማወጣበት ቀዳዳ ሟቹ አምስት ነበር የሚያወጣው። ካበሩኝ ሽማግሌውን አቃጥለዋለሁ!»

ዲስክም ተማጸነ። «የስንቱን ትዳር ይዤ!»

«ውሸቱን ነው!» አለች አይጢቱ። «ገጥሟል እኮ!»

ወይዘሮ ውድነሽ ሁለቱንም አዩና ገመዱን ከዲስኩ በኩል ነቅለው ወደ አይጢቱ ዘረጉት። «እንግዲያው ጫፉን በአፍሽ ያዢልኝ፤ እኔ ላብራው።»

«እኔ? ጥርሴን አሞኛል እትዬ።»

«በእጅሽ ያዢው።»

«ዛሬ ጾም ነው፤ ብረት አልነካም።»

«በጅራትሽስ?»

የአይጢቱ ጢም ረገበ። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እትዬ… ልጆች አሉኝ። አራት ናቸው፤ ገና ዓይናቸው አልተገለጠም። ገመዱ መሃል ተኝተዋል። ገመዱ ከተነቀለ የት እወስዳቸዋለሁ?»

ወይዘሮ ውድነሽ ገመዱን አስቀመጡ። ከዚያ «ይሄን መጀመሪያውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ።

አሮጌዎቹን ገመዶች አንድ በአንድ ነቀሉ። አራቱን ልጆች ከነጎጇቸው በሁለት እጃቸው አንስተው አዲሱ ፓወር ሰፕላይ በመጣበት ካርቶን ውስጥ አኖሩና ካርቶኑን ጓሮ፣ ከእንጨት ክምር ሥር አስቀመጡት። አሮጌዎቹን ገመዶች ማንም ተሳስቶ እንዳይሰካቸው ጫፍ ጫፋቸውን ቆርጠው ለጎጆው ማገር ሰጡ። ከዚያ አዲሶቹን ገመዶች ከከረጢቱ አውጥተው ሁሉንም ለሚያገናኘው ቦርድ፣ ለፕሮሰሰሩ፣ ለካርዷና ለዲስኩ ሰኩ፤ የቀሩትን መለሱ። መሰኪያውን ግድግዳው ላይ መልሰው ሰኩና አበሩ።

ዲስክ «ኽርርር» አለ። ሙሽሮቹ ሁሉ ከነሚዜዎቻቸው፣ ከነአልቃሿ አክስት በስክሪኑ ላይ ወጡ። ወይዘሮ ውድነሽ የሙሽራዋን አልበም አዘጋጁና በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ፎቶዎቹን ሁሉ ሌላ ቦታ መገልበጥ ጀመሩ።

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ቀዳዳው ውስጥ ስለገባ ብቻ ተስማማ አትበሉ። ይሄም ገጥሟል፣ ያም ገጥሟል የሚላችሁን ሰው ደግሞ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደቸገረው ጠይቁት።

እኔ ተናግሬ ጨረስኩ፤ እናንተም ሰምታችሁ ጨረሳችሁ። በሉ አሁን ወደ ራታችሁ።