ቀጥቃጩ ደምለውና የአንጓች አመድ

ተረት ተረት።

«የላም በረት» አላችሁኝ? አይ፣ ላሞቹ ዛሬ ይረፉ። የዛሬው ሌላ ነው፤ «የእሳትና የብረት» በሉኝ። እንደገና፣ ተረት ተረት።

«የእሳትና የብረት።»

እንዲህ ነው እንጂ። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ በሩ ጋ ያለኸው፣ ግጠመው፤ ብርዱ ገባ።

በድሮ ዘመን ጭንጫ ሜዳ በሚባል አገር ደምለው የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። እሱ ብረት ይቀጠቅጣል፤ እሷ ወናፉን ታናፋለታለች፣ ሲመቻት ደግሞ ሸክላ ትሠራለች። አገሩ ስሙን ይመስላል። አፈሩ ስስ፣ ድንጋዩ ብዙ። ማረሻ በአንድ ክረምት ተበልቶ እንደ አሮጊት ጥርስ ጉቶ ይሆናል። የእኔን ጥርስ አትዩ፤ እኔ የማወራው ስለ ማረሻ ነው።

ደምለው መጀመሪያ ብረቱን አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ እንዲሁ ያቀዘቅዘው ነበር። ማረሻው ለስላሳ ሆነና ድንጋዩ ጨረሰው። ከዚያም እንደ ፍም አግሎ ውኃ ውስጥ ነከረው። ቹስስ አለና ጠነከረ። ጠነከረና መጀመሪያ ያገኘው ድንጋይ ላይ እንደ ገል ተሰበረ። ደምለው ራሱን ያዘ። አንጓች ይህን አየችና እንዲህ አለችው፦

፦ የእኔም ሸክላ ከእሳት ወጥቶ ድንገት ብርድ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ይህም ብረት ደንግጧል። ጥቂት መልሰህ አሙቀው፤ ይረጋጋል።

፦ በስንት መከራ ያጠነከርኩትን መልሼ ላለስልሰው? አንቺ ጋንሽን ጠፍጥፊ።

አንጓች ጋኗን ልትጠፈጥፍ ሄደች። ያቺ ሴት ደግሞ የምትፈራው ዝም ስትል ነው።

ደምለው ማረሻውን ነክሮ ሲጨርስ ጠላ ቤት ይሄዳል። እሱ ወጣ ሲል አንጓች የማረሻውን ጫፍ በሻካራ ድንጋይ ፈግፍጋ ታበራዋለች። ከዚያም የጋለ አመድ ላይ ታስቀምጠውና ቁጭ ብላ መልኩን ታያለች። መጀመሪያ የጤፍ ጭድ ይመስላል። ቆየት ሲል ማር ይመስላል። ማር ሲመስል ታነሣዋለች። ሰማያዊ ሆኖ የርግብ አንገት እስኪመስል ከተረሳ ላላ ማለት ነው፣ ድንጋይ ይበላዋል። ካነሣችው በኋላም ሙቀቱ ሳይወጣለት በሰምና በኑግ ዘይት ታሸዋለች። ብረቱ ይጠቁራል፤ ዝናብ ቢመታውም ቶሎ አይዝግም።

አንድ ቀን ደምለው ሳይታሰብ ተመለሰና አገኛት።

፦ ምን እያደረግሽ ነው?

፦ እያደረቅሁት ነው።

፦ አድርቂ፣ አድርቂ። ሴት ማሸትና መወልወል መቼ ይሰለቻታል?

አለና አረፍ አለ።

የደምለው ማረሻ ስሙ ወጣ። ሦስት ክረምት አርሶ የማያልቅ፣ ድንጋይ ቢመታ የማይሰበር። ከሩቅ አገር ሰው መጣ። ምሥጢሩ ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ደምለው ምሥጢሩን አያውቅም፤ ግን ወንድ ልጅ አላውቅም ይላል? በዚያ ሰሞን ብረቱን መንከር የጀመረው በቀይ ወጠጤ ፍየሉ ሽንት ነበርና እንዲህ አለ፦

፦ የቀይ ፍየል ሽንት ነው።

ይህን ካለ ወዲህ ፍየሉ ተሾመ። ስሙ ባሻ ተባለ። ገብስ በላ፣ ጨው ላሰ፣ ከዝናብ ተጠልሎ አደረ። አንጓችም ለባሻ ሣር ታጭድለታለች፤ ሣሩን ስትሰጠው ትስቃለች፤ ለምን እንደምትስቅ ግን አትናገርም።

ከዕለታት አንድ ቀን በማኅበር ላይ ጠላው ደምለውን ከፍ ከፍ አደረገው። በሰው ፊት እንዲህ አለ፦

፦ ብረት የወንድ ነገር ነው። አንጓች ወናፍ ከማናፋት በቀር ስለ ብረት ምን ታውቃለች?

ሰው ሳቀ። አንጓችም ፈገግ አለች። በማግስቱ ጧት ግን ጋቢዋን ደረበች።

፦ እህቴ አራስ ናት። ወንዱ መሬቱን ይረስ፣ እኔ እህቴን ልረስ። አርባ ቀን እቆያለሁ።

፦ ሂጂ። ወናፍ የሚያናፋ አላጣም።

ሄደች። በሳምንቱ የበልጉ ዝናብ ጣለ። ገበሬው ሁሉ አዲስ ማረሻ ፈለገ፤ ደምለውም ሲያግል፣ ሲቀጠቅጥ፣ በባሻ ሽንት ሲነክር ሰነበተ።

መጀመሪያ ያረሰው ቢተው የሚባል ገበሬ ነው። ሦስተኛውን ትልም ሳይጨርስ ማረሻው ቀጭ አለበት። ስብርባሪውን በኩታው ቋጥሮ መጣ።

፦ ደምለው፣ ይኼ ማረሻ ነው ወይስ ብርጭቆ?

ደምለው ሰባራውን አየ። ከዚያም ዘወር ብሎ ፍየሉን አየ።

፦ ባሻ፣ ምን በላህ?

ፍየሉ አመነዠከ። በነጋታው አራት ሰው ሰባራ ይዞ መጣ። አንዱ ፍየሉ ኮሶ ይጠጣ አለ። ሌላው ማር ይላስ አለ። ማር አላሱት፤ ማረሻው ግን ተሰበረ።

ከዚያም እንግዳው የሚባለው የአገሩ ጭቃ ሹም ራሱ መጣ። ደምለው የሠራለትን አዲስ ማጭድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሲሄድ ዝናብ መታው፤ ማጭዱ ዝጎ ነጩን ሸማውን በርበሬ የፈሰሰበት አስመሰለው። ጭቃ ሹሙ ለሸማው ሟች ነው። ሰውን በዋርካው ሥር ሰበሰበ። ከመካከል አንዱ፣ «ቀጥቃጩ በዓይኑ በልቶን ነው» አለ። ይህ ቃል ከወጣ ቀልድ የለም። በዚያ ዘመን ሰው ብረቱን ይወዳል፣ ቀጥቃጩን ግን በጎሪጥ ያያል፤ ከአንድ አገር የተባረረ ቀጥቃጭ ሌላ አገር አይቀበለውም። ጭቃ ሹሙም ፈረደ፦

፦ ዝናቡ እያለፈ ነው። ያልዘራ ይራባል። ሰባት ቀን ሰጥቼሃለሁ። የሚያርስ ማረሻ አምጣ፤ አለዚያ ወናፍህን አንሣና ከመሬታችን ውጣ።

 ደምለው በሁለተኛው ቀን ወንዝ ተሻግሮ አንጓች ወዳለችበት እህቷ ቤት ሄደ። እሷ ለአራሷ ገንፎ ታገነፋለች። ስትጨርስ ዘወር ብላ ጠየቀችው፦

፦ ቤት ደህና ነው?

፦ ፍየሉ ታሟል መሰለኝ። ማረሻው ሁሉ ይሰበራል።

፦ ይበላል?

፦ ይበላል።

፦ ይሸናል?

፦ በደንብ ይሸናል።

፦ እንግዲያ እሱ ሥራውን ሠርቷል። ሥራውን ያልሠራ ሌላ ሰው ነው።

 የደምለው ጆሮ ጋለ።

፦ ያ የምታደርቂው ነገር ነው?

፦ እሱ ነው።

፦ ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?

፦ ነግሬህ ነበር። ጋንሽን ጠፍጥፊ አልኸኝ፤ ጠፈጠፍሁ።

 የደምለው እንባ መጣ፤ የጭሱ ነው ብሎ ጠረገው። ያን ጊዜ አንጓች አዘነችለት፤ ማዘኗን ግን አላሳየችውም።

፦ እመጣለሁ። ግን ከእንግዲህ ተደብቄ አላደርቅም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ ነው።

ተመለሱና ሰው ተሰበሰበ። ደምለው ከአንድ ብረት ሁለት ማረሻ ቀጠቀጠ። ሁለቱንም እኩል አግሎ እኩል ነከረ። አንጓች አንዱን ትታ ሌላውን አመድ ላይ አስቀመጠችና ቁጭ አለች። ጭድ መሰለ። ሰው አንገቱን አሰገገ። ማር መሰለ። አነሣችና በሰምና በዘይት አሸችው። ሲበርድ ቢተው ሁለቱን ተቀበለና በየተራ ከቋጥኝ ጋር አጋጫቸው። አመድ ላይ ያልሞቀው ለሁለት ተከፈለ። የሞቀው ከቋጥኙ ስባሪ ገምሶ ራሱ ደህና ቀረ።

ጭቃ ሹሙ ጠየቀ፦

፦ ይህ የማን ሥራ ነው?

ደምለው «የእኔ» ቢል አንጓች አታስተባብልም ነበር፤ አመዱን እየጫረች አንገቷን ደፍታለች። ደምለው ግን ወደ እሷ ጠቆመ።

፦ የእሷ ነው። ስንት ዓመት ስትሠራው እኔ የምታደርቅ ይመስለኝ ነበር።

 አንዲት ባልቴት ሳቀችና ሰው ሁሉ ተከተላት። ደምለውም አፈረ፤ ቢሆንም በሳቅ የተባረረ ቀጥቃጭ የለም። ስብርባሪው ሁሉ እንደገና ተቀጠቀጠ፤ ባል ነከረ፣ ሚስት አሞቀች። ሰባቱ ቀን ሳይሞላ አገሩ አረሰ፣ ዘራም።

አዝመራው ሲገባ ገበሬዎቹ እንደ ልማዳቸው ለቀጥቃጩ እህል ይዘው መጡ። ፊተኛው ቢተው ነበር። ደምለው ከደጅ ሆኖ ሊቀበል ሁለት እጁን ዘረጋ። ቢተው እጅ ነሣውና አልፎት ገባ፤ ስልቻውን አንጓች እግር ሥር አስቀመጠ። ሁለተኛውም አለፈው፣ ሦስተኛውም። ስልቻው ተቆለለ። አንጓች ክምሩን አየች፣ ባሏንም አየች፣ እንዲህም አለች፦

፦ ደምለው፣ እስቲ ጎተራ አስገባልኝ። ከባድ ነው፤ ሴት አትችለውም።

ደምለውም ወገቡን አጥብቆ ታጠቀና ተሸከመ።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤
ቂጣው ይቆረስ፣ ለባለተረቷም ይድረስ።
ለስለስ ያለውን ስጡኝ፤ ጥርሴን አይታችሁታል።