ክፉ መሆን ያቃታቸው ደገኞች

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች። አንተም ከኋላ ያለኸው ና፤ ጆሮ ከሩቅ አይጠግብም።

በድሮ ዘመን ድንበሩ የሚባል የጨው ነጋዴ ነበረ። ይህ ድንበሩ ሁለት ጠባይ ነበረው። አንደኛው፣ አይዋሽም። ሁለተኛው፣ አያርፍም፤ አፉን ማለቴ ነው። ያየውን ያወራል፣ የሰማውን ያወራል፣ አህያው ያየችውን እንኳ ያወራላታል። ሰው ግን ይወደው ነበር። «ድንበሩ አለ ካላችሁ፣ አለ ነው» ይባልለት ነበር።

አንድ ጊዜ ድንበሩ ጨዉን ጭኖ ሲሄድ መንገድ ሳተና ከማያውቀው ደጋ ላይ ወጣ። ዛፍ የለም። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ጓሳ የሚባል ረጅም ሣር ብቻ ነው፤ ነፋሱ ሲመጣ ይተኛል፣ ነፋሱ ሲሄድ ይነሣል። እዚህም እዚያም ጅብራ የሚባል ረጅም የደጋ ተክል ብቻውን ቆሟል። ድንበሩ አገሩን አይቶ ሳይጨርስ በረዶ ወረደበት። አህዮቹ ቆሙ። እሱም ቆመ። እጁ ደነዘዘ፣ እግሩ ደነዘዘ፣ በመጨረሻ ያ የማያርፈው አፉም ደነዘዘ።

የአገሩ ሰዎች እዚያ ደረሱለት። ማን ነህ ሳይሉ ጭነቱን አራገፉለት። ከየት ነህ ሳይሉ እግሩን አጠቡት። ወዴት ነህ ሳይሉ ከበግ ጠጉር በተሠራ ባና ጠቅልለው የገብስ ገንፎ አበሉት። ስሙን የጠየቁት በማግስቱ፣ ጥሩ አድርጎ ከተኛ በኋላ ነው።

ያሳደሩት እመት ዘርትሁን የሚባሉ መበለት ነበሩ። ድንበሩ እሳቸው ቤት ሰነበተና አገሩን እየዞረ አየ። ጭላዳ አየ፤ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት፣ ጎፈሩ እስከ ወገቡ የወረደ ዝንጀሮ ነው። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ እየወጣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ሣር ይነጫል። ቀይ ቀበሮ አየ፤ በጭላዳዎቹ መሐል እንደ ቤተኛ ይመላለሳል። እሱ የሚያድነው አይጥ ነው፤ ግልገሎቻቸውን ዘወር ብሎ አያያቸውም፣ እነሱም አይሸሹትም። አጥንት ይዞ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከላይ ለቆት በዓለት የሚሰብር አሞራም አየ።

ከሁሉ ይልቅ የገረመው ግን የሣሩ ሕግ ነው። የሣሩ አለቃ አባ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

«አባ፣ ይህን የሚያህል ሣር ለምን አታጭዱትም?» አላቸው ድንበሩ።

«ተዘግቷል።»

«ማን ዘጋው?»

«እኛው።»

«መቼ ይከፈታል?»

«የቸገረን ዕለት» አሉ አባ ይርዳው። «ድርቅ ሲመጣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቀንድ ይነፋል። ያን ጊዜ ሀብታሙም ድሀውም ማጭዱን ይዞ በአንድ ቀን ይገባል። እስከዚያ ድረስ የአውሬው ነው።»

«ተደብቆ ያጨደስ?»

«እሳት እንነፍገዋለን። ምድጃው የጠፋበት ቀን ፍም የሚሰጠው ጎረቤት አያገኝም።»

በዚያ ብርድ፣ ልጆች፣ ከዚህ የባሰ ፍርድ የለም።

ድንበሩ ተሰናብቶ ወረደ። ወርዶም ዝም አላለም። በየገበያው አወራ። ወሬው ከገበያ ወደ ጠጅ ቤት፣ ከጠጅ ቤት ወደ አደባባይ፣ ከአደባባይ ወደ ንጉሡ ጆሮ ገባ። ያ ንጉሥ ደግሞ መልካም ነገር መስማት ይወድ ነበር፤ ሰምቶ «የኔ ይሁን» ሳይል ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ድንበሩን አስጠራው።

«ተናገር» አለው።

ድንበሩ ደስ ብሎት ጀመረ። «ጃንሆይ፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ብርድ የማያሳልፍ ባና ይሠራሉ።»

«ለጭፍሮቼ ይሥሩልኝ» አለ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ እንደ ፍም የቀላ ቀበሮ አላቸው።»

«ቆዳው ለመኳንንቶቼ ለምድ ይሁንልኝ።»

«ጃንሆይ፣ ማጭድ ያልነካው ሣር አላቸው…»

«ፈረሶቼ ይግቡበት!»

ድንበሩ አራተኛ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ዘጋው። በዕድሜው የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ንጉሡ ወደ አጋፋሪ መሸሻ ዞረ። አጋፋሪ መሸሻ የእልፍኙን በር የሚጠብቁ፣ ቃል የሚቆጥቡ፣ ጉልት አገኛለሁ ብለው ደጅ ሲጠኑ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ።

«መሸሻ፣ ነጋዴው እየመራህ ሂድና እይልኝ። ያለው እውነት ከሆነ ያን አገር ጉልት ሰጥቼሃለሁ። ሐሰት ከሆነ ምላሱን አስቆርጠዋለሁ።»

አጋፋሪ መሬት ስመው ወጡ። ድንበሩም እየመራ ሄደ። እግሩ ወደፊት ይራመዳል፣ ልቡ ወደኋላ ይቀራል። ደጋው አፋፍ ላይ ሲደርሱ «ጌታዬ፣ እንግዳ መምጣቱን ቀድሜ ልንገር» አለና ሮጠ።

የአገሩ ሰው ተሰበሰበ። ድንበሩ ያደረገውን ሁሉ፣ ንጉሡም ያለውን ሁሉ ነገራቸው።

«ስለኛ ምን ብለህ ነበር?» አሉ አባ ይርዳው።

«ደጎች ናቸው አልኩ።»

«ሌላስ?»

«አገራቸው መልካም ነው አልኩ።»

አባ ይርዳው «ልጄ፣ ጠላት ቢሰድበን ይሻለን ነበር» አሉ።

አንበርብር የሚባል ቁጡ ጎልማሳ ብድግ ብሎ «የሚመጣውን እንግደለው!» አለ።

«ማንን? እንግዳን?» አሉ እመት ዘርትሁን። አንበርብር አፍሮ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ድንበሩ «ክፉ ሁኑ» አላቸው። «ለአንድ ቀን ብቻ። ንጉሡ የተመኘው እኔ ያወራሁትን ነው። ያወራሁት ከታጣ ይተዋችኋል።»

«ያንተ ምላስስ?»

«ምላሴ የራሴ ጣጣ ነው።»

ተስማሙ። እንግዳው ሲመጣ «ግባ» አይሉትም። እግሩን አያጥቡትም። እህል አያቀምሱትም። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገብቶ ክፋት ሲለማመድ ዋለ።

አጋፋሪ መሸሻ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። የመጀመሪያው ደጃፍ የአባ ይርዳው ነበር።

«ቤቶች! የእግዜር እንግዳ!»

አባ ይርዳው ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «እንግዳ አንቀበልም!» አሉ። አጋፋሪ በቅሏቸውን ይዘው ዞር ሲሉ ሽማግሌው የበቅሎዋን ጀርባ አዩ። ኮርቻው ልጦታል።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «አንተን አንቀበልም። በቅሎዋ ግን ምን አጠፋች?» ብለው ልጓሟን ያዙና ወደ ጋጣ አስገቧት። ቁስሏን በቅቤ ቀቡላት፣ ገብስ ሰጧት። አጋፋሪ በእግራቸው ሄዱ።

ሁለተኛው ደጃፍ የአንበርብር ነበር።

«ቤቶች! የእግዜር እንግዳ!»

«እህል የለም!» ብሎ ጮኸ አንበርብር፣ በሩንም ጓ አድርጎ ዘጋ። ከዚያ በበሩ ስንጥቅ «ለመሆኑ እህል ከቀመስክ ቆየህ?» አለ።

«ከትናንት ወዲህ አልቀመስኩም።»

ከዚያ አንድ እጅ በስንጥቁ ወጣ፤ መዳፉ ሙሉ ትኩስ የገብስ ቆሎ ይዟል። «ይህ እህል አይደለም» አለ አንበርብር ከውስጥ። «ቆሎ ነው። ያዝና ሂድ!»

አጋፋሪ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ወደ ሦስተኛው ደጃፍ ሄዱ። ያ የእመት ዘርትሁን ነው። ገና ሳይደርሱ በረዶው ወረደ።

«ቤቶች!»

እመት ዘርትሁን ውስጥ ሆነው ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ቤቶች… የእግዜር…»

እመት ዘርትሁን ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ሦስተኛ ጥሪ አልመጣም። ቢጠብቁ አልመጣም። እጃቸውን ከጆሯቸው ሲያነሡ በግድግዳው ሥር አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰሙ።

«ወይ ጉዴ! ሰው ገደልኩ!» ብለው ወጡ። እኚያ የንጉሥ አጋፋሪ በረዶው ላይ ወድቀዋል። ጎትተው አስገቧቸው። በባና ጠቀለሏቸው። እሳቱን አነደዱ። እግራቸውንም በሞቀ ውሃ እያጠቡ ማልቀስ ጀመሩ።

አጋፋሪ ነፍሳቸው መለስ ሲል «እማማ፣ ምን ያስለቅስዎታል?» አሉ።

«አገሬን አጠፋሁ፣ ጌታዬ» አሉ እመት ዘርትሁን። ሁሉንም ነገሯቸው፤ ነጋዴው ያወራውን፣ ንጉሡ የተመኘውን፣ ሕዝቡ የመከረውን። «ለአንድ ቀን እንኳ ክፉ መሆን አቃተን። ለካ ክፋትም ሙያ ነው፤ በልጅነት ካልለመዱት አይሆንም።»

አጋፋሪ መሸሻ ገንፏቸውን በሉ፣ ተኙ።

በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣ ወደ ደጅ ወጡ። ጭላዳዎቹ ከገደሉ እየወጡ ነበር፤ እናቶቹ ግልገል አዝለው፣ ወንዶቹ ጎፈራቸውን እያራገፉ። ቀይ ቀበሮው በመሐላቸው አለፈ። አንዱም ቀና ብሎ አላየውም። አጋፋሪ ዕድሜያቸውን በሙሉ የኖሩት ሰው ሰውን በጥርጣሬ በሚጠባበቅበት ደጃፍ ነው። ቆመው ረጅም ጊዜ አዩ።

አባ ይርዳው በቅሎዋን ይዘውላቸው መጡ።

«አባ፣ ይህ ሣር የኔ ጉልት ቢሆን ምን አገኝበታለሁ?» አሏቸው።

«አንድ ክረምት ፈረስ ያበሉበታል» አሉ አባ ይርዳው። «ከዚያ ድርቅ ሲመጣ ከኛ ጋር ቁጭ ብለው ይራባሉ።»

አጋፋሪ በቅሏቸው ላይ ወጡ። እስከ ንጉሡ ከተማ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ድንበሩም ከመንደሩ ወጥቶ ተከተላቸው፤ ከጎናቸው እየሄደ ፊታቸውን ያያል። ያ ፊት የተዘጋ በር ነው።

በንጉሡ ፊት ቀረቡ። መኳንንቱ ተሰብስበዋል፣ ነጋዴውም ሕዝቡም ቆሟል።

«ሰዎቹስ?» አለ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ አንዱ በሩ ላይ ቆሞ እንግዳ አንቀበልም አለኝ። ሁለተኛው እህል የለም ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ሦስተኛዋ ደጃፏ ላይ ሆኜ ብጣራ አልመለሰችልኝም። ከበረዶው ላይ ወደቅሁ።»

«አውሬውስ?»

«ዝንጀሮ አለ፤ ዝንጀሮ የሌለው ገደል የት አለ? ቀበሮም አይቻለሁ፣ አይጥ ሲያሳድድ።»

«ሣሩስ?»

«ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። ለጃንሆይ ፈረሶች ግን ከአንድ ክረምት በላይ አይበቃም።»

አያችሁ ልጆች፣ አጋፋሪ ውሸት አልተናገሩም። እውነቱን ግን ግማሹን ይዘው ቀሩ፤ ከግማሹ ጋርም ያን ሁሉ ዘመን ደጅ የጠኑበትን ጉልት ጣሉ።

ንጉሡ ወደ ድንበሩ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ድንበሩ ዙሪያውን አየ። «ድንበሩ አለ ካላችሁ፣ አለ ነው» የሚሉት ሰዎች ሁሉ ዓይናቸውን ተክለውበታል። አንድ ቃል ቢናገር ስሙን ያድናል። አጋፋሪን አያቸው። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«ዋሽቼ ነው፣ ጃንሆይ» አለ ድንበሩ።

በዕድሜው የተናገረው ውሸት ይህ ብቻ ነው።

ንጉሡ «ምላሱን!» ሲል አጋፋሪ እጅ ነሡ። «ጃንሆይ፣ ምላሱን ቢቆርጡት ሰው ያዝንለታል። ይተዉለት። ከእንግዲህ የሚያምነው የለም፤ እሱ ይበቃዋል።»

ንጉሡ ሳቀ፣ ምክሩም ደስ አለው። ድንበሩ በየገበያው እንዲዞር፣ ነጋሪትም እየተጎሰመ «ይህ ሰው ቀጣፊ ነው፣ ያለውን አትመኑ!» እንዲባልበት ፈረደ።

ድንበሩ ዞረ። በመጀመሪያው ገበያ ሰው ሳቀበት። በሁለተኛው ልጆች «ቀጣፊ! ቀጣፊ!» እያሉ ተከተሉት። በሦስተኛው ገበያ የልብ ወዳጁ፣ አብሮት ጨው የሚነግደው ሰው፣ ፊቱን አዞረበት። ያ ከነጋሪቱ ይልቅ አመመው። መልሱ አፉ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ዋጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቂት የሚናገር ሰው ሆነ፤ ያን ጥቂቱንም የሚያምነው አልነበረም።

ደጋው ግን ተረሳ። ፈረስ አልገባበትም፣ ለምድ አልተሰፋበትም።

ዘመን አለፈ። አንድ ቀን ድንበሩ አህዮቹን ነድቶ ሲሄድ አጋፋሪ መሸሻ ከፊት ለፊቱ በበቅሎ መጡ። ሲያዩት ወረዱ። የንጉሥ አጋፋሪ ለጨው ነጋዴ ከበቅሎ ወረዱና እጅ ነሡ! መንገደኛው ሁሉ አፉን ይዞ ቆመ።

«ደኅና ነህ ወይ፣ ድንበሩ?»

«ደኅና ነኝ፣ ጌታዬ።» ድንበሩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለዚያ አገር…»

«ስለ የትኛው አገር?» አሉ አጋፋሪ።

ድንበሩ ፊታቸውን አየ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ፣ ወገባቸውን እስኪይዙ ሳቁ። ሰው ምን እንዳሳቃቸው ቢጠይቅ የነገረው የለም።

እንግዲህ ልጆች፣ ምስጋና መንገድ ይጠርጋል፤ በተጠረገ መንገድ ደግሞ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም። የወደዳችሁትን አገር በልባችሁ አድንቁ፣ ከአፋችሁ ቆጥቡ።

ተረቱ ይኸው ነው። ያ ደጋ የት ነው ብላችሁ ግን እኔን አትጠይቁኝ።