አረም የሌለው የጎመን ማሳ

ኳ፣ ኳ፣ ኳኳ። በወይራምባ መንደር በር ሳይከፈት፣ ሰው ሳይታይ፣ ማለዳ መጀመሪያ የሚሰማው ይህ ድምፅ ነበር። ዛሬም በዚያ መንደር ችግሩን ሸሽጎ እርዱኝ የሚል ሰው ሲገጥማቸው ሽማግሌዎቹ ፈገግ ብለው ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። መነሻዋ ይኸው ኳኳታ ነው።

ድምፁ የሚመጣው ከውድነሽ ጓዳ ነው። ልጇ ማንያዘዋል አፉን ያልፈታ፣ እንቅልፍ የማይወስደው፣ የዘይት ጣሳና ማማሰያ ሲይዝ ብቻ ልቡ የሚያርፍ ልጅ ነበር። አባቱ "ይህስ እርግማን ነው" ብሎ ከቤት ከወጣ ወዲህ ውድነሽ ልጇን ለሰው ዓይን አሳይታው አታውቅም። ጎረቤት "ምንድን ነው የሚንኳኳው?" ሲላት "በጉ ነው፤ በሩን እየወጋ" ትላለች። መንደሩም ጨዋ ነውና የሚያውቀውን እንዳላወቀ ሆኖ "በጉ እንዴት አደረ?" እያለ ይጠይቃታል።

"ለፋሲካም አይታረድም እንዴ ይኼ በግ?" አላት አንድ ቀን አንሙት። ሚስቱ ሞታበት መንታ ሕፃናት ብቻውን የሚያሳድግ ጎረቤቷ ነው።

"ገና አልሰባም።"

"ድምፁ ግን ሰብቷል፣ እትዬ።"

በዚያው ሰሞን እማማ ጠጂቱ አንድ ነገር አሰቡ። ባላቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ብዙ ክረምት አልፏል። "ለአጨዳ ደቦ አለ፣ ለጎጆ ሥራ ደቦ አለ። ሰው መሸከም ከአጨዳ ይቀላል ያለው ማነው?" አሉና ልጅ ወይም በሽተኛ የከበደበትን ሁሉ ሰበሰቡ። ደንቡ ቀላል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተያይዘው በየተራ ወደ አንዱ ቤት ይሄዳሉ። እነሱ በሽተኛውን ያጥባሉ፣ ልጁን ያጫውታሉ፤ ባለቤቱ ይተኛል። ሲነቃ አብረው ቁጭ ብለው የሆዳቸውን ይጫወታሉ፤ ማን ምን እንዳስመረረው፣ ማን ምን ብልሃት እንዳገኘ።

ውድነሽ ሳትጠራ ነው የገባችው። እንቅልፍ አምሯት ነበር፤ እርጉዝ ሴት ምግብ እንደሚያምራት ነው ያማራት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓዳዋን ዘግታ ትሄዳለች፤ በሰው ቤት ታዲያ ሥራዋ ለጉድ ነው። የአንሙት መንትዮች እጇ ሲገቡ ጸጥ ይላሉ። የእማማ ጠጂቱ ባል ለማንም የማይከፍቱትን አፍ ለእሷ ይከፍታሉ።

"ይኼን ሁሉ ከየት ተማርሽው፣ ልጄ?" ይሏታል እማማ።

"ከበጉ።"

ተራው ዞሮ ዞሮ ከእሷ ደጅ ደረሰ። ብትቀበል ልጇ ሊታይ ነው፤ ባትቀበል ያ ያማራት እንቅልፍ ሊቀር ነው። ደግሞስ ያየው ሁሉ እንደ አባቱ እርግማን ቢለውስ? ስታወጣ ስታወርድ ሰንብታ አንድ ዘዴ መጣላት። ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ከነጣሳው ጓዳ አስገብታ መቀርቀሪያውን ከውጭ ጣለችና፣ ደቦውን ከአጥሩ በር ተቀብላ በጓሮ በኩል ወደ ጎመን ማሳዋ ወሰደችው።

"ይህችን አርሙልኝ፤ ሌላ ሥራ የለኝም።"

አንሙት አንዱን ልጅ በጀርባው፣ አንዱን በደረቱ እንዳዘለ ጎንበስ አለ። ማሳው እንደ ተላጨ ራስ ጥርት ብሏል።

"እትዬ ውድነሽ፣ አረሙ የታለ?"

"ፈልግ፤ አይጠፋም።"

"ካጣሁ ጎመኑን ልንቀለው?"

"እሱን ተወው።"

ደቦው ሣቁን በነጠላ ጫፍ እያፈነ የሌለ አረም ሲፈልግ፣ ጓዳውም ኳኳ ሲል ረፈደ። ውድነሽ መኮትኮቻዋን ተደግፋ እንደቆመች ዓይኗ ተከደነ። ቀስ በቀስ ተንሸራትታ ጎመኑ መሀል ቁጭ አለች፤ ከዚያም ጋደም። ማንም አልቀሰቀሳትም።

የቀሰቀሳት ዝምታ ነው። ኳኳታው የለም። ደቦውም የለም። ክው አለች። አፈሩን ከልብሷ ሳታራግፍ ወደ ቤት ሮጠች። የጓዳው መቀርቀሪያ ተነሥቷል።

ማንያዘዋል መደቡ ላይ ተቀምጧል። ከመንትዮቹ አንዱ ጭኑ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ልጁ ማማሰያውን ወደ ላይ እንዳነሣ ቀርቷል፤ ቢመታ ሕፃኑ እንዳይነቃበት ነው። እማማ ጠጂቱ ከሥሩ በርከክ ብለው እግሩን ያጥቡታል። ውድነሽ ያቺን የፈራቻትን ቃል ፍለጋ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አየች። አንዱም ላይ የለችም።

"አንቺ ክፉ ሴት" አለ አንሙት በሹክሹክታ፤ "እኔ በሞግዚት እጦት ሳልቅ አንቺ ሞግዚት ደብቀሽ ነው?"

ውድነሽ ልጇን ግንባሩ ላይ ሳመችው። ነጠላዋን ከግድግዳው አወረደችና ባዶ እጇን እያወዛወዘች በአጥሩ በር ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ለማንም አልተናገረችም።

"ምነው፣ ተቀየመች እንዴ?" አለ አንሙት።

እማማ ጠጂቱ ከእጥበታቸው ቀና ሳይሉ መለሱለት። "ምን ትቀየማለች፤ ተዋት፣ እግሯ ወደ መራት ትሂድ። አንተ ግን ይችን ያዛት፣ ልጄ፤ ደቦ ጠርቶ ማሳ የደበቀ፣ ብቻውን ሲያርም መሸበት።"