የሁለት ፈረቃ ድንጋይ

አንድ ጊዜ ጭነት ያጎበጣት አህያ ልጇን፣ «እኔን አትምሰዪ፤ ተማሪ!» አለቻት። በዚያ ዓመት አንበሳ የእሱን ፈተና ያለፈ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ጭነት እንደማይነካው አውጆ ነበርና።

ውርንጭላዋ ተግታ አጠናች። ቀበሮ ገደል አፋፍ ላይ የከፈተውን፣ ሃያ ምርጦች ብቻ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና አለፈች። እናቷ በደስታ ዘለለች። የሰፈራቸው ትምህርት ቤት ግን ዋርካ ሥር ነው፤ ዝንጀሮው፣ ጅግራው፣ ኤሊው ይጋፋበታል፤ ቦታ ስለማይበቃም የሚማሩት በፈረቃ ነው።

ውርንጭላዋ ሁለቱንም ልታይ ሄደች። አፋፉ ላይ ያልገባትን ነገር ጥንቸልን ብትጠይቃት ጥንቸል ሰሌዳዋን በጆሮዋ ሸፈነች። «ደረጃዬን ልትወስጂብኝ ነው?»

ዋርካው ሥር ደግሞ የምትቀመጥበት ድንጋይ ላይ በከሰል የተጻፈ ነገር አገኘች፦ «የጠዋት ተማሪዎች ሆይ፣ ይቺ ሒሳብ አልገባችኝም። እባካችሁ አስረዱኝ። ጃርት ነኝ፣ ከከሰዓት ፈረቃ።» ማብራሪያውን ከነስሟ ከሥሩ ጻፈችለት። በማግስቱ፣ «አሁንም አልገባኝም፤ በሌላ መንገድ ሞክሪ» የሚል ጠበቃት።

ነገሩ ልቧን ገዛው። «እማዬ፣ እዚሁ ነው የምማረው» አለች። እናቷን ከፋት። የቀበሮ በር ጠባቂ ጅብ ግን መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። «ድሮስ አህያ!»

ዓመቱ አለቀ። አንበሳ ተማሪዎቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ «ከአንድ ሁለተኛና ከአንድ ሦስተኛ የቱ ይበልጣል? ለእኔ አትንገሩኝ። ለአያ ጅቦ አስረዱት» አላቸው።

የቀበሮ ተማሪዎች ሕጉን አንድም ሳያጎድሉ አነበነቡለት። ጅብ ግን፣ «ሦስት ከሁለት ይበልጣል! ልታታልሉኝ ነው?» ብሎ ድርቅ አለ። ቀበሮ ራሱ ቢሞክር አልሆነለትም።

የውርንጭላዋ ተራ ደረሰ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች፤ ጅብ ነዋ! እናቷም ዓይኗን ጨፈነች።

«አያ ጅቦ፣ አንድ ሙዳ ሥጋ ከወንድምዎ ጋር ቢካፈሉ ይበቃዎታል?»

«እንደ ምንም።»

«ቀበሮም ልካፈል ብሎ ቢመጣስ?»

«ምን ሲደረግ! ድርሻዬ ሊያንስ?» ጅብ ዘሎ ተነሣ። ከዚያ ቆም አለ። «ኧረ… ለካ ለሦስት ሲሆን ያንሳል!»

አንበሳ እስኪያነባ ሳቀ። «አልፈሻል! እንዲህ ማስረዳትን ማን አስተማረሽ?»

«ጃርት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አልገባኝም እያለ።»

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» እያለ ጃርት ከመሃል ወጣ። ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። እናቷም ጭነቷን እንደተሸከመች ጨፈረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ትምህርት ቤት የሚለካው ከበር በመለሳቸው ተማሪዎች ብዛት ሳይሆን ውስጥ ያሉት እርስ በርሳቸው በሚማማሩት ልክ መሆኑን ነው።