ዘንዶዎቹን ምን ያዛቸው?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙ፤ በሐይቁ ዳር ባለው የእንስሳት ማቆያ የሆነውን ላውጋችሁ።

ማዳልቾ የሚባል ጠባቂ ሦስት ዘንዶዎች ነበሩት። አንድ ቀን ትልቋ የበላችውን አስመለሰች፤ አንገቷን ወደ ጣሪያው ጠምዝዛ ሞተች። ማዳልቾ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ምን እንደገደላት ማወቅ።

ወደ ማቆያው የእንስሳት ሐኪም ወደ ዶክተር ስንዱ ሄደ።

«ዶክተር፣ የቀሩትን ይዩልኝ።»

«ቫይረስ ከሆነ በዓይን አይታይም፤ ቤተ ሙከራው ካልመረመረ ምንም አልልም» አሉት።

ከሁለቱ ዘንዶዎች አፍ በጥጥ ናሙና ወስዶ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ።

«ወንድሜ፣ መርምርልኝ፤ ካልመረመርክ ሐኪሟ ምንም አልልም ብለዋል።»

«በበረዶ ካልመጣ አልመረምርም» አለው ሠራተኛው።

ዓሣ ወደሚያቀዘቅዙት ሄደ። በረዶውን የምትጠብቀው አስካለ ነበረች።

«እህቴ፣ በረዶ ስጪኝ፤ ያለ በረዶ ቤተ ሙከራው አልመረምርም አለ፤ ያለ ምርመራ ሐኪሟ ምንም አልልም አሉ።»

«ያለ ደብዳቤ አልሰጥም» አለችው።

ወደ ማቆያው ኃላፊ ወደ አቶ ገዝሙ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ ያለ ደብዳቤ በረዶ አልሰጥም አለች፤ ያለ በረዶ ቤተ ሙከራው አልመረምርም አለ፤ ያለ ምርመራ ሐኪሟ ምንም አልልም አሉ።»

«ሐኪሟ ዘንዶዎቹ ታመዋል ብላ ካልጻፈች አልጽፍም።»

ተመልሶ ሐኪሟ ፊት ቆመ።

«ዶክተር፣ ታመዋል ብለው ይጻፉልኝ፤ ያለ እርስዎ ወረቀት ኃላፊው ደብዳቤ አልጽፍም አሉ፤ ያለ ደብዳቤ በረዶ አልሰጥም አለች፤ ያለ በረዶ ቤተ ሙከራው አልመረምርም አለ፤ ያለ ምርመራ ደግሞ እርስዎ...»

ዶክተር ስንዱ አልጻፉም።

ማዳልቾ ሲመለስ ሁለተኛዋ ዘንዶ አፏን ከፍታ ሞታ አገኛት። በትከሻው ተሸክሞ በቀጥታ ወደ አስካለ ሄደ። ምንም አልለመናትም፤ እንባው ብቻ ይወርድ ነበር።

አስካለ የተንጠለጠለውን ጅራት አየች።

«ስንት ቀረችህ?»

«አንዲት።»

«ደብዳቤው ይቅር፤ ና ሳጥንህን አምጣ» ብላ በረዶውን ዛቀችለት።

ያኔ በረዶው ናሙናውን አቀዘቀዘ፤ ቤተ ሙከራው ናሙናውን መረመረ፤ ሐኪሟ ውጤቱን አነበቡ፤ ማዳልቾም የፈለገውን ዐወቀ። ቫይረስ ነበር።

«የቀረችውስ?»

«እሷም አለባት።»

«ዛሬ ጠዋት እኮ በልታለች!»

«መድኃኒት የለውም፣ ማዳልቾ። እንዳትሠቃይ በመርፌ ላሳርፋት። ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ» አሉ መርፌውን እያዘጋጁ። «ሌላ ሰው ይያዛት?»

«የለም፣ እኔን ነው የምታውቀኝ።»

ዘንዶዋ ክንዱ ላይ ተጠመጠመች። ሐኪሟ መርፌውን ወጓት። ጥቂት ቆይቶ ጥምጥሟ ላላ፤ እሱ ግን እስኪመሽ አላወረዳትም።