ሲሰፋ ይጠባል

አንድ ሰው ነበረ። ልብስ ሰፊ ነው። በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ የስፌት መኪናውንና አንድ በርጩማ ብቻ የምትይዝ ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ስሙ መኳንንት ይባላል።

ይህ ሰው አንድ አመል ነበረበት። ሐሙስ ሐሙስ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ጋዜጣ ይገዛና ዜናውን ሳያይ የመጨረሻውን ገጽ ይገልጣል። እዚያ ላይ፣ በየሳጥኑ አንድ አንድ ፊደል እየተጻፈ፣ አግድምና ቁልቁል የሚሞላ የቃላት እንቆቅልሽ አለ። ይህን ብቻውን አይሠራውም። ከጤና ጣቢያ በጡረታ የወጣ፣ ቁስል ሲያክም የኖረ አንድ ድሬሰር ወዳጅ አለው፤ የከተማው ሰው ሁሉ «ሐኪም» ይለዋል። ሐኪም ከሰዓት በኋላ ይመጣና በርጩማዋ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያስባል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ጋዜጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ሙሉ ገጽ የሚይዝ ትልቅ እንቆቅልሽ ያወጣል። የዚህኛው ፍንጮች እንደ ሌላው ጊዜ «የወንዝ ስም»፣ «የእንስሳ ስም» የሚሉ አይደሉም። ሰም አላቸው፣ ወርቅ አላቸው። አንዱን ቃል አጥብቀህ ስታነበው ቆላ፣ አላልተህ ስታነበው ደጋ ያወጣሃል። ሁለቱ ወዳጆች ይህን ትልቁን አንድም ዓመት ጨርሰውት አያውቁም። ሁልጊዜ አንድ ጥግ ይቀራቸዋል።

በዚያ ዓመት ግን ሐኪም መስቀል እንዳለፈ ሚስቱን ይዞ ሐዋሳ፣ ልጁ ዘንድ ሊጠቃለል ነው። አብረው የሚሠሩት የመጨረሻው እንቆቅልሽ ነበር። ይህን አፍ አውጥተው አልተነጋገሩበትም፤ ሐሙስን መጠበቅ ትተው በየቀኑ ይገናኙ ጀመር እንጂ። ሁለት ሳምንት ለፍተው ሁሉንም ሞሉና ሦስት ቃል ብቻ ቀራቸው። ሦስቱም ከላይ በቀኝ ጥግ ያሉ ናቸው። አንዱ አግድም ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ከእሱ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ፊደል ተነስተው ቁልቁል ይወርዳሉ።

የአግድሙ ፍንጭ «ሲሰፋ ይጠባል» ይላል። ሦስት ፊደል።

ሰሙን ወዲያው አለፉት። የሰፋ ነገር እንዴት ይጠባል? እንግዲህ ይህ የመርፌ መስፋት ነው ብለው ተስማሙ። የተጣሉት ከዚያ ወዲያ ነው።

«አገኘሁት!» አለ መኳንንት። «ቀሚስ ነው። ጨርቁን ስትዘረጋው ሜዳ ያህላል፤ ሲሰፋ ይጠባል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሴቶቹ ‹አጠበብክብኝ› እያሉ የጮኹብኝ ለምን መሰለህ?» ብሎ፣ ሐኪም እሺ ሳይለው፣ በእስክሪብቶ ጻፈው።

ሐኪም መነጽሩን አወለቀ። «ቆይ እንጂ! ሳይሰፋ ቀሚስ የሚባል ነገር የታለ? ሳይሰፋማ ጨርቅ ነው። ይሄ ቁስል ነው። አፉን የከፈተ ቁስል በክር ሲሰፋ ይጠባል። እሱም ሦስት ፊደል ነው።»

«ቁስል ሲሰፋ ይዘጋል እንጂ ይጠባል አይባልም።»

«ስንቱን የሰፋሁት እኔ! ምን እንደሚባል አንተ ልትነግረኝ ነው?»

መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነበር። እየቆየ ድምፃቸው መንገደኛ የሚያስቆም ሆነ። በመጨረሻ መኳንንት ግራ እጁን ዘረጋ። ከዓመታት በፊት መቀስ የቆረጠው መዳፉ ላይ ጠማማ ጠባሳ አለ።

«የሰፋኸውንማ ይኸው ተሸክሜው እዞራለሁ። ይሄ ነው የጠበበው?»

ያን ቀን በጤና ጣቢያው መብራት እንዳልነበረ፣ ክሩም የመጨረሻው እንደነበረ፣ ሲሰፋው ከእሱ ይልቅ ሐኪምን እንዳላበው መኳንንት ያውቃል። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሐኪም ጠባሳውን ትንሽ አየና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። መኳንንት ሊሄድ ያስብና ይተወዋል። «መጀመሪያ ልክ መሆኔን ላሳየው፤ ከዚያ እንታረቃለን» ይላል በልቡ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሱሪ ይዞ መጣ። «የቀበቶ ማስገቢያው ተበጥሷል። እስከ ነገ ስፋልኝ» አለው።

መኳንንት ሱሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከአግድሙ የመጀመሪያ ፊደል የሚወርደው ቃል ፍንጩ «ሳይከሰስ የታሰረ» ነው፤ ሦስት ፊደል። ሁለቱም ስለ በግ፣ ስለ ነዶ፣ ስለ ወህኒ ቤት ሲያስቡ ነበር የከረሙት።

«ቀበቶ!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ ደነገጠ።

ቀበቶ በ«ቀ» ይጀምራል። ቀሚስም በ«ቀ» ይጀምራል። ቁስል ግን በ«ቁ» ነው። ሐኪም ተረታ!

ሹፌሩን ሸኝቶ ኮቱን ለበሰ። ጋዜጣውን አጠፈ። ሐኪም ቤት ደርሶ የሚናገረውን እያሰበ ብቻውን ፈገግ ይላል። እጁን ወደ ሱቁ ቁልፍ ሰደደና ቆመ። ያስቆመው ትሕትና አልነበረም፤ የማወቅ ጉጉት ነው። አንድ ቃል ቀርቶታል። አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶ የማያውቀውን ገጽ ሞልቶ ቢሄድስ?

ኮቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። የመጨረሻው ፍንጭ «ቁጭ ብሎ ሰው ያቆማል» ይላል። ሁለት ፊደል። ከቀሚስ መጨረሻ ስለሚነሳ በ«ስ» መጀመር አለበት። ስጋ አለ። ስር አለ። ስብ አለ። «ስም» አለና ዓይኑ በራ። «ስም ሰውን ያቆማል! ስም ያለው ሰው መቼ ይወድቃል?» እስክሪብቶውን አነሳ። ሊጽፈው ምንም አልቀረውም። ግን «ቁጭ ብሎ» የሚለው ነገር እንደ እሾህ ወጋው። ስም የት ነው ቁጭ የሚለው? ቀሚሱን ለማዳን ሲል ስምን ጎትቶ ወንበር ላይ እያስቀመጠው እንደሆነ ለራሱ ተሰማው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አደረገ። አውራ ጣቱን በገዛ ፊደሉ፣ በ«ስ» ላይ ጫነና ሸፈናት። ከዚያ ፍንጩን ብቻ፣ ገና ዛሬ እንዳየው ሰው፣ ቀስ ብሎ አነበበ። ቁጭ ብሎ ሰው ያቆማል።

ወዲያው መጣለት። ባለፈው ዓመት ምስክር ሆኖ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። እሱ ቆሟል። ከሳሹም ቆሟል፣ ተከሳሹም ቆሟል። የተቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዳኛ።

አውራ ጣቱን ማንሳት ፈራ። ዳኛ ከሆነ አግድሙ በ«ዳ» ማለቅ አለበት። ቀሚስ በ«ዳ» አያልቅም። እንግዲያው በ«ቀ» ጀምሮ በ«ዳ» የሚያልቅ፣ ሲሰፋ የሚጠብ ነገር ምንድን ነው? ትንሽ ቆየና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሠላሳ ዓመት በየቀኑ ሲሰፋው የኖረ ነገር ነው። ቀዳዳ! እጁ ያውቀው ነበር፤ አፉ ነው ያላወቀው።

ከመሳቢያው ምላጭ አወጣና ከቀሚስ ላይ ሁለቱን ፊደሎች ፋቀ። «ቀ»ን ተወ። ቀበቶንና ዳኛን ጻፈ። የአግድሙን መካከለኛ ሳጥን ግን ባዶ አድርጎት ወጣ።

ሐኪም ቤት ዕቃ እየታሰረ ነበር። ሐኪም በካርቶኖች መካከል ተቀምጦ ሰላምታውን በአንገቱ ብቻ መለሰ። መኳንንት ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረለት። ሐኪም መጀመሪያ ከ«ቀ» የሚወርደውን ቀበቶን አየ። ቁስል እንዳልሆነ ገባውና ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ የተፋቀውን ወረቀት በጣቱ ዳሰሰው።

«ቀሚስህስ የት ሄደ?»

«ፋቅኩት። እሱም አልነበረም።»

«ሁለታችንም?»

«ሁለታችንም። አንድ ፊደል ቀርቷል፤ አንተ ጻፋት።» መኳንንት ጠባሳ ያለበትን እጁን ዘረጋ። «ይቺን እጄን ደግሞ ያን ቀን ባትሰፋልኝ፣ ዛሬ ጨርቅ አልይዝባትም ነበር። ይቅር በለኝ።»

ሐኪም መነጽሩን አድርጎ ገጹ ላይ አቀረቀረ። ከንፈሩ ብዙ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ቆየ። ድንገት ቀና አለና፣ «አይ አንተ! ልብስ ሰፊ ሆነህ ይሄ ይጥፋህ?» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ሚስቱ ምን ሆናችሁ ብላ ከጓዳ ስትወጣ፣ እስክሪብቶውን ተቀብሎ መካከለኛዋን «ዳ» ሲጽፍ ደረሰች።

እንግዲህ አንተም ትናንት መጥተህ፣ «የኔታ፣ የውሃው ጉድጓድ ከመንደሩ በላይ ይቆፈር ያለውን ጓደኛዬን በሰው ሁሉ ፊት ረታሁት፤ የላዩ መሬት አለት መሆኑን አሳየሁ። ታዲያ ከታች ይቆፈር ስል ሰዎቹ ስለ ምን ልክ ነህ አላሉኝም?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ልጄ፣ ቀበቶን አግኝተሃል፤ ጎበዝ ነህ። ግን ቀበቶ ቁስልን ጣለ እንጂ ቀሚስን አላቆመም። የጓደኛህ መሳሳት ላንተ ምስክር አይሆንህም። አሁን አውራ ጣትህን በገዛ ቃልህ ላይ አድርግና ጥያቄውን እንደገና አንብበው። መንደሩ የጠየቀው ማን እንደሚረታ ነው ወይስ ውሃው የት እንዳለ? ሂድ፣ ጓደኛህን ይዘኸው ወደ ታች ውረዱና መሬቱን አብራችሁ ፈትሹ። እስካሁን ያወቅኸው ውሃው የት እንደሌለ ብቻ ነው።