ጥራጊውን ለባለቤቱ የመለሰችው ውሻ

ልንገራችሁ ወይ? ንገሪን በሉኝ። ጆሮአችሁን ታውሱኛላችሁ ወይ? እናውስሻለን በሉኝ። እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ዳገታማ ከተማ ውስጥ አንድ ጠባብ መንገድ ነበረ። በመንገዱ ራስ ላይ የባሻ ወልደየስ ቤት ነበረ። ባሻ ግቢያቸውን በጽድ ያጠሩ፣ ጽዱንም በየጊዜው የሚከረክሙ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው ዝቅ ብሎ የወይዘሮ ስንዱ ምግብ ቤት ነበረ። ከእርሷ ዝቅ ብሎ ጎመንና ሽንኩርት የሚቸረችሩት የእማማ ጥሩነሽ ቤት ነበረ። ከዚያ በታች ቤት የለም፤ አንዲት ትንሽ ድልድይ ብቻ ነበረች። በድልድዩ ሥር የውሃ መውረጃ ቦይ ያልፋል። ከቦዩ ከፍ ባለች ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ውሻ ወልዳ ተኝታ ነበር።

ቡችሎቿ ገና ዓይናቸው አልተገለጠም። ሌላ መጠለያ አልነበራትም። ግቢው ሁሉ በር ነበረው፤ በሩ ሁሉ ዱላ ነበረው።

ያ ሰፈር በንጽሕናው የታወቀ ነበር። ፀሐይ ሳትወጣ ደጁን ያልጠረገ ሰው እንደ ሰነፍ ይቆጠራል። አንድ ደንብም ነበራቸው፤ ጥራጊ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ቤት አይጠረግም። «ጥራጊ ወደ ግቢው የመለሰ ሲሳዩን አባረረ» ይባል ነበር። ስለዚህ ሁሉም ወደ ውጭ ይጠርጋል። መንገዱ ቁልቁለት ነውና ወደ ውጭ ማለት ወደ ታች ማለት ነበር።

ድልድዩ ሥር ጥራጊ ተከመረ። ቅጠል መጣ፣ አጥንት መጣ፣ የጎመን ግንድ መጣ፣ ፌስታል መጣ። እጣቢ ሲፈስበት ረጠበ፤ ሲረጥብ ሸተተ፤ ሲሸት ዝንብ ጠራ። የቦዩ አፍ ጠበበ። ክረምቱም ተቃርቦ ነበር፤ ደመናው ተራራው ላይ ተቀምጦ ወደ ከተማው ያያል።

ውሻይቱ ለልጆቿ ፈራች። ተነሥታ ወደ ነፋስ ሄደች።

«ጌታዬ ነፋስ፣ ይህን ሽታ ከልጆቼ ላይ ውሰድልኝ» አለችው።

«ይቺማ ምን አላት» አለ ነፋስ። ሽታውን ተሸክሞ ወደ ላይ ወጣ። በእማማ ጥሩነሽ መስኮት ገባ፣ በስንዱ ምግብ ቤት ገባ፣ በባሻ ሳሎን ገባ። አንድ ፌስታልም አንስቶ የመብራት ሽቦ ላይ ሰቀለ። ወደ ማታ ግን ደከመውና ቁልቁል ተመለሰ። ሽታውም አብሮት ተመለሰ።

«ምነው መለስክብኝ?» አለች ውሻይቱ።

«እኔ ተሸካሚ ነኝ እንጂ ቀባሪ አይደለሁም» አላት።

ወደ ጎርፍ ሄደች። ጎርፍ ያን ጊዜ ተራራው ላይ ጉሙን ተከናንቦ ተኝቶ ነበር።

«ጌታዬ ጎርፍ፣ ስትመጣ ይህን ቆሻሻ ጠራርገህ ውሰድልኝ።»

ጎርፍ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ሰፊ መውረጃ ካገኘሁ እወስዳለሁ። ጠባብ ካገኘሁ ግን የያዝኩትን እዚያው አራግፌ በላዩ ላይ እወጣለሁ። ያንቺ ቦይ እንዴት ነው?»

«ጠቧል።»

«እንግዲያው ልጆችሽን አንሺ።»

«የት ላድርሳቸው?»

«እኔ ውሃ ነኝ፣ የኔ እመቤት። የማውቀው መንገድ ቁልቁሉን ብቻ ነው» አለና ጉሙን መልሶ ተከናነበ።

ውሻይቱ አንገቷን ደፍታ ስትመለስ፣ መንገድ ዳር የተደፋ አመድ ጠራት።

«ነፋስን ለመንሽ፣ ጎርፍን ለመንሽ። እኔን ግን ዘለልሽኝ።»

«አንተ ደግሞ ለምን ትጠቅማለህ? ተደፍተህ የቀረህ!»

«ስድቡን ለምጄዋለሁ» አለ አመድ። «ሰው እኔን የሚያስታውሰኝ ለቅሶ ሲደርስበት ነው። ግን ስሚኝ። እርጥቡን እጠጣለሁ፤ ሽታውን አፍናለሁ፤ ዝንብና እኔም አንዋደድም። በየምድጃው አለሁ፤ የሚገዛኝ የለም።»

«በል ናልኝ እንግዲህ።»

«እመጣለሁ። ግን በየማለዳው ለሚጨመር ክምር የአገሩ አመድ ሁሉ አይበቃም። መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ እዪ። ዓይንሽ ባያየው አፍንጫ አለሽ።»

በማግስቱ ማለዳ ውሻይቱ ዳገቱን ወጣች። በባሻ ደጅ መጥረጊያው ሽው ሽው ይላል።

«ወንድሜ መጥረጊያ፣ ይህን የጽድ ቅጠል ወዴት ትልከዋለህ?»

«ከደጄ አስወጣዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ አላውቅም። የኔ ደጅ ንጹሕ ነው።»

ዝቅ አለች። በስንዱ ደጅ ሌላው መጥረጊያ ሽው ሽው ይላል።

«ወንድሜ መጥረጊያ፣ ይህን ቅጠልና ይህን አጥንት ወዴት ትልከዋለህ?»

«ቅጠሉ የኔ አይደለም፣ ከላይ ነው የመጣው።»

«አጥንቱስ?»

«አጥንቱን ከደጄ አስወጣዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። የኔ ደጅ ንጹሕ ነው።»

ደግሞ ዝቅ አለች። በእማማ ጥሩነሽ ደጅ፣ ጥርሱ ያለቀ አሮጌ መጥረጊያ ሽው ሽው ይላል።

«አባቴ መጥረጊያ፣ ይህን ቅጠል፣ ይህን አጥንትና ይህን የጎመን ግንድ ወዴት ይልኩታል?»

«ልጄ፣ ከጎመኑ በቀር የኔ የለበትም። እኔም የደረሰኝን አሳልፋለሁ። የኔ ደጅ ንጹሕ ነው።»

ውሻይቱ ተቀምጣ አሰበች። ሦስት ንጹሕ ደጆች አይታለች። የሦስቱም ቆሻሻ ግን ልጆቿ ራስጌ ነው።

ተነሥታ ክምሩን በአፍንጫዋ ለየችው። ሰው ጥሎ የሚረሳውን ውሻ አሽትታ ታውቀዋለች። ቅጠሉን በአፏ ይዛ ባሻ በር ላይ አስቀመጠች። አጥንቱን ስንዱ በር ላይ አስቀመጠች፤ እርግጥ ነው፣ አንዱን አጥንት መንገድ ላይ በላችው፤ ውሻ ናትና። የጎመኑን ግንድ እማማ ጥሩነሽ በር ላይ አስቀመጠች። እነርሱ ሲጠርጉ እርሷ ስትመልስ፣ እነርሱ ሲጠርጉ እርሷ ስትመልስ ሰነበተች።

ሰፈሩ ተቆጣ። ባሻ ዱላቸውን፣ ስንዱ ማማሰያዋን፣ እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ብቻ ይዘው ወደ ድልድዩ ወረዱ።

«ይህች ውሻ አብዳለች» አሉ ባሻ። «ዛሬውኑ ከነልጆቿ ከዚህ ትነሣ።»

ውሻይቱ ጉድጓዷ አፍ ላይ ቆመች። አልጮኸችም።

«ባሻ፣ ብነሣ የምሄድበት የለኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ቅጠል የእርስዎ አይደለም?»

«ከደጄ ከወጣ በኋላ የኔ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ባሻ ወደ ስንዱ አዩ። ስንዱ ማማሰያዋን ወገቧ ላይ አስደግፋ፣ «እኔን ምን ያዩኛል?» አለች። «የእርስዎ መጥረጊያ እኮ እጁ ረጅም ነው፣ እስከ እኔ ደፍ ድረስ ይመጣል።»

«ያንቺስ እጣቢ? እግር አውጥቶ እኮ ነው የሚሄደው» አሉ ባሻ።

ስንዱ ወደ እማማ ጥሩነሽ አየች። እማማ ጥሩነሽ የሚያዩት ሰው ፈልገው ወደ ታች ዞሩ። ከእርሳቸው በታች ሰው አልነበረም። ቡችሎቹ ብቻ ነበሩ። አንዱ ቡችላ በጭፍኑ እየዳኸ መጥቶ የበሰበሰ ጎመን ላይ ተንጋሎ ነበር።

እማማ ጥሩነሽ ቡችላውን አንሥተው ወደ እናቱ አስጠጉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጎመኑን አነሡና ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

«የኔ ነው» አሉ። «ትናንት ለቅሜ የጣልኩት ነው፤ አውቀዋለሁ። ንጹሕ ሴት ነኝ ስል ነበር የኖርኩት።»

«ወደ ቤት ልትመልሺው ነው?» አሉ ባሻ። «ደንቡስ? ሲሳይሽ ይሸሻል።»

ይህን ጊዜ አመድ ከመንገዱ ዳር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ሰሞኑን ምሳ ሰዓት ላይ ወንበርዎ ሞልቶ ያውቃል?»

ስንዱ አቀረቀረች። «ደንበኛ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው» አለች።

«ሲሳይ መጥረጊያ አይፈራም፤ ሽታ ነው የሚፈራው» አለ አመድ። «በሉ አሁን ስሙኝ። እያንዳንዱ ወደ ራሱ በር ይጥረግ። የሚበሰብሰውን ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ይጨምር፤ በጨመረ ቁጥር ከላዩ እኔን ይነስንስ፣ ትንሽ አፈርም ያልብስ። ሲቆይ ለእማማ ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። እጣቢው ይጠለልና በባልዲ ተወስዶ ከጽዱ ሥር ይፍሰስ፣ ባሻ ውሃ ከመሸከም ይድናሉ።»

«አጥንቱስ?» አለች ስንዱ።

«ስለ አጥንቱ እኔ አለሁ» አለች ውሻይቱ።

ሽቦው ላይ የተሰቀለው ፌስታልም ከላይ ሆኖ ተጣራ። «እኔን ግን እንዳትቀብሩኝ፤ ሞቼ አላውቅም። አጥባችሁ እጠፉኝ፣ ነገም ወደ ገበያ ይዛችሁኝ ሂዱ።»

ባሻ ዱላቸውን አዩት። ከዚያ አገላብጠው የቦዩን አፍ ይጎረጉሩበት ጀመር። ስንዱ አካፋ አመጣች። እማማ ጥሩነሽ ከየምድጃው አመድ ለምነው በጆንያ አስመጡ። የወጣውን ክምር በየግቢያቸው ጉድጓድ ጨምረው በአመድ አለበሱት፤ ዝንቡም ተነሥቶ ሄደ። በማግስቱ ማለዳ መጥረጊያዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነውና እጅ እጅ አላቸው፤ አሮጌው መጥረጊያማ ወገቡን ይዞ አጉረመረመ። ግን ጠረጉ።

ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ወረደ። ጎርፍ ከተራራው እየዘለለ መጣ። በባሻ ደጅ አለፈ፣ የሚያነሣው አላገኘም። በስንዱ ደጅ አለፈ፣ የሚያነሣው አላገኘም። በእማማ ጥሩነሽ ደጅ አለፈ፣ የሚያነሣው አላገኘም። ድልድዩ ጋ ሲደርስ የቦዩ አፍ ተከፍቶ ጠበቀው።

«ልጆችሽን አነሣሽ ወይ?» ብሎ እየሮጠ ጠየቀ።

«አላነሣሁም» አለች ውሻይቱ።

«እንኳንም አላነሣሽ» ብሎ በሥራቸው አለፈ። አንዲት ጠብታ አልነካቻቸውም። በዚያ ዝናብ ውስጥ የመጀመሪያው ቡችላ ዓይኑን ገለጠ፤ ያየውም ንጹሕ ውሃ ሲያልፍ ነበር።

አልፎ አልፎ ግን የሰው ነገር ነውና አንዱ በጨለማ ተደብቆ አንድ ነገር ቁልቁል ይወረውር ነበር። ሲነጋ የወረወረው ነገር በሩ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። ግራ ቀኝ አይቶ፣ አንሥቶ፣ ይዞት ይገባል። ውሻይቱም ያላየች መስላ ትተኛለች።

እናንተም ልጆቼ፣ ደጃችሁን ጠርጋችሁ ስትጨርሱ ቀና በሉና ቁልቁል እዩ። የሰው ንጽሕናው የሚታወቀው ከደጁ በታች ነው።